በኤንኤፍኤል ዳኛው ያላየው ጥፋት ለምን በሪፕሌይ አይስተካከልም?

ሜዳ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእግር ኳስ ዳኛው ያለፈውን ፔናልቲ ቫር ጠርቶ ያስመልሰዋል። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ግን ሜዳው ላይ ሰባት ዳኛ፣ ኒውዮርክ ደግሞ ሪፕሌይ ለማየት ስክሪን ፊት የተቀመጡ የሊጉ ሰዎች እያሉ፣ ሕፃን ልጅ የሚያየው ጥፋት እንዲሁ ያልፋል። ደንቡን የምታውቁ ሦስት ነገር አስረዱኝ።

አንደኛ፣ የሴንትስና የራምስ ጨዋታ ላይ የተፈጸመው ጥፋት ለምን አልታየም? ዛሬ ቢሆንስ ይታይ ነበር? ሁለተኛ፣ ፓስ ኢንተርፊራንስ፣ ሆልዲንግና ኢሊጋል ኮንታክት የሚለዩት በምንድን ነው? ለእኔ ሦስቱም መጎተትና መግፋት ናቸው። ሦስተኛ፣ ዳኛው ሪፕሌይ ካየ በኋላ አንዴ «ውሳኔው ተረጋግጧል»፣ ሌላ ጊዜ «ውሳኔው ይጸናል» ይላል። ልዩነት አለው?

ቀይ ጨርቅ፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

ጃንዋሪ 20፣ 2019፣ ኒው ኦርሊንስ፣ የኤንኤፍሲ ፍጻሜ (አሸናፊው ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ያልፋል)። ውጤቱ 20 ለ 20 ነው፤ አራተኛው ሩብ ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ቀርቷል። ሴንትስ በራምስ 13 ያርድ መስመር ላይ ናቸው፣ ሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ነው፣ 10 ያርድ ይቀራቸዋል። የሴንትስ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ድሩ ብሪስ ወደ ሜዳው ጠርዝ ለሚሮጠው ለቡድን ጓደኛው ለቶሚሊ ልዊስ ወረወረ። የራምሱ ኒኬል ሮቢ-ኮልማን ኳሱን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። በሙሉ ሩጫ መጥቶ፣ ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ፣ ልዊስን ገጭቶ ጣለው። ዳኛ ቅርብ ነበር፤ ጥፋት የሚጠራባት ቢጫ ጨርቅ ግን ከወገብ አልወጣችም።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ግጭቱ ነው። ዋናው ጉዳት ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ጥፋቱ ቢጠራ ኖሮ ኳሱ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ፣ ከ10 ያርድ መስመር ውስጥ፣ ተቀምጦ ሴንትስ አዲስ አንደኛ ዳውን ያገኙ ነበር። ከዚያ ኳሱን በእጅ እያቀበሉ ሰዓቱን ጨርሰው፣ መጨረሻ ላይ አጭር ፊልድ ጎል (3 ነጥብ የሚያስገኝ የእግር ምት) መምታት ነው። ስላልተጠራ አራተኛ ዳውን ሆነ፤ ፊልድ ጎል መትተው 23 ለ 20 መሩ፣ ለራምስ ግን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ተረፈላቸው። ራምስ 15 ሰከንድ ሲቀር በ48 ያርድ ፊልድ ጎል አቻ አደረጉ፣ በጭማሪ ሰዓት በ57 ያርድ ምት 26 ለ 23 አሸነፉ። ሊጉ በኋላ ሮቢ-ኮልማንን በዚያው ግጭት ሄልሜት ለሄልሜት በመምታት 26,739 ዶላር ቀጣው። እንግዲህ አስበው፣ አንድ ግጭት ላይ ሁለት ጥፋት ነበር፣ አንዱም አልተጠራም።

ለምን አልታየም ላልከው፣ ሪፕሌይ የተሠራው በዓይን ለሚለካ ነገር ነው። እግር መስመር ረግጧል? ጉልበት መሬት የነካው ኳሱ ከማምለጡ በፊት ነው? ኳሱ የኤንድ ዞኑን (ነጥብ የሚቆጠርበትን የሜዳ ጫፍ) መስመር አልፏል? «ይህ ንክኪ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ለሜዳው ዳኛ ብቻ የተተወ ነበር። አሠልጣኙ ቀይ ጨርቅ ወርውሮ ሪፕሌይ መጠየቅ (ቻሌንጅ ማድረግ) አይችልም፤ ያውም የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለነበሩ ቻሌንጅ ጭራሽ የለም።

ክለቦቹ በዚያው ዓመት 31 ለ 1 ድምፅ ሰጥተው ፓስ ኢንተርፊራንስ (እንደ ሮቢ-ኮልማን የተወረወረ ኳስ የሚቀበለውን ማደናቀፍ)፣ ያልተጠራውም ጭምር፣ በሪፕሌይ እንዲታይ ወሰኑ። አልሠራም። ኒውዮርክ ያሉት መስፈርቱን እጅግ ከፍ ስላደረጉት አሠልጣኞች ታይም አውት (ጨዋታ የማስቆም መብት) እየከሰሩ ተመለሱ። ኖቬምበር 17፣ 2019 ሬቨንስና ቴክሳንስ ሲጫወቱ የቴክሳንሱ ዲአንድሬ ሆፕኪንስ ኳሱ ሳይደርስ በማርሎን ሃምፍሪ ተያዘ፣ አሠልጣኙ ቻሌንጅ አደረገ፣ አልተለወጠም። ደንቡ በ2020 ሳይታደስ ቀረ።

ዛሬስ? በ2025 ሪፕሌይ አሲስት የሚባለው (ምስል የሚያዩት ሰዎች የሜዳውን ዳኛ የሚያግዙበት) ሥራ ሰፍቷል፦ ፌስማስክ (የሄልሜቱን የፊት መከለያ መያዝ)፣ ከአንገት ጀርባ ይዞ መጣል፣ መከላከል የማይችል ተጫዋችን መምታት፣ መጥለፍ። ግን ልብ በል፣ የተወረወረችን ጨርቅ ማንሳት ይችላሉ እንጂ ያልተወረወረችን መጣል አይችሉም። ያ የኒው ኦርሊንስ ጨዋታ ዛሬ ቢደገም ውጤቱ ያው ነው። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

አምስት ያርድ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። ሦስቱን የሚለያቸው ኳሱ የት እንዳለ ነው። ስለዚህ ድጋሚ ሲያሳዩ መጀመሪያ የኳርተርባኩን እጅ እዩ፣ ከዚያ ተከላካዩን።

ኢሊጋል ኮንታክት፦ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ፖኬት (ጓደኞቹ ከበው የሚጠብቁት ቦታ) ውስጥ እያለ ተከላካዩ ከመነሻው መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ ሪሲቨሩን (ኳስ ተቀባዩን) ሲገፋ ነው። እስከ 5 ያርድ ድረስ መግጨት ይችላል። ኳርተርባኩ ከፖኬት ከወጣ ይህ ገደብ ይነሳል። ቅጣቱ 5 ያርድና አንደኛ ዳውን።

ሆልዲንግ፦ መያዝ ነው። ማሊያ መጎተት፣ ክንድ ጨምድዶ ሪሲቨሩን ከመንገዱ ማስቀረት። ቅጣቱ እንደላይኛው 5 ያርድና አንደኛ ዳውን።

ፓስ ኢንተርፊራንስ፦ በተከላካይ በኩል የሚጀምረው ኳሱ ከተወረወረ በኋላ ነው፣ የሚያበቃውም ኳሱን አንድ ሰው ሲነካ። መስመር ላይ የቆመ ተከላካይ ኳሱን በጣቱ ጫፍ ከነካ በኋላ ከኋላ ያለው ሪሲቨር ቢመታም ፓስ ኢንተርፊራንስ የለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሁለቱም ኳሱን እያዩ ከተጋጩም ጥፋት አይደለም፣ ኳሱ የሁለቱም ነው። ዳኛው የሚፈልገው ኳሱን ሳያይ ሰውየውን የሚጫወተውን፣ ኳሱ ሳይደርስ ክንድ የሚይዘውን፣ ወገብ ይዞ የሚያዞረውን ነው። ቅጣቱ ከባድ ነው፦ ኳሱ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ይቀመጣል፤ 40 ያርድ ከሆነ 40 ያርድ። ኤንድ ዞን ውስጥ ከሆነ 1 ያርድ መስመር ላይ። ለመያዝ ፈጽሞ የማይቻል ኳስ ከሆነ ግን አይጠራም።

ሪሲቨሩም ሊጠራበት ይችላል፣ 10 ያርድ ወደ ኋላ። ለእሱ ገደቡ የሚጀምረው ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ ከመሬት ከተነሳበት ቅጽበት ነው እንጂ ከተወረወረ በኋላ አይደለም።

57ኛው ሱፐር ቦውል ላይ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 2023፣ ልዩነቱ ጎልቶ ታይቷል። 35 ለ 35፣ 1 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ቀርቷል፣ ቺፍስ በኢግልስ 15 ያርድ ላይ ሦስተኛ ዳውን ይዘዋል፣ 8 ያርድ ይቀራቸዋል። ጀምስ ብራድቤሪ የጁጁ ስሚዝ-ሹስተርን ማሊያ ያዘ፣ ሆልዲንግ ተጠራ። ብዙ ሰው «በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አይጠራም» ብሎ ተቆጣ፤ ብራድቤሪ ራሱ ግን መያዙን አመነ። ቺፍስ ሰዓቱን አቃጥለው 38 ለ 35 አሸነፉ። ከላይ ቀይ ጨርቅ ሴንትስ ያጡት ያለው ነገር ይኸው ነው፣ እዚህ ስለተጠራ ተሰጠ።

ሰባተኛው ዳኛ፦

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ፣ አዎ፣ ትልቅ ልዩነት አለው። «ተረጋግጧል» ማለት ምስሉ ዳኛው ትክክል መሆኑን በግልጽ አሳየ ማለት ነው። «ይጸናል» ማለት ምስሉ ወዲህም ወዲያም አላሳየም፣ ስለዚህ ሜዳው ላይ የተባለው ይቆይ ማለት ነው። ለመለወጥ ግልጽና የማያሻማ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሪፕሌይ ስታዩ «እውነቱ ምንድን ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «መጀመሪያ ምን ተባለ» በሉ። ያው ምስል፣ መጀመሪያ ተይዟል ከተባለ ተይዟል ሆኖ ይቀራል፣ አልተያዘም ከተባለ አልተያዘም ሆኖ ይቀራል።

አንዳንዴ ደግሞ ዳኛው ትክክል ሆኖ ደንቡ ራሱ ጠማማ ነው። ጃንዋሪ 19፣ 2002፣ ፎክስቦሮ፣ በረዶ ላይ። ሬይደርስ 13 ለ 10 ይመራሉ። የፓትሪየትሱ ቶም ብሬዲ ለመወርወር ክንዱን ወደፊት ላከ፣ ሐሳቡን ቀየረና ኳሱን ወደ ደረቱ እየመለሰ ሳለ የሬይደርሱ ቻርልስ ዉድሰን መታው። ኳሱ ወደቀ፣ ሬይደርስ ያዙት፣ ጨዋታው ያለቀ መሰለ። ዳኛው ዋልት ኮልማን ሪፕሌይ አይቶ «ያልተያዘ ኳስ» (ያልተሳካ ውርወራ) ብሎ ለወጠው። በወቅቱ የነበረው ደንብ ኳሱ ወደ ሰውነት እስኪመለስ ድረስ እንደ ውርወራ ይቆጥረው ነበርና ኮልማን ደንቡን ነው ያነበበው። ፓትሪየትስ 16 ለ 13 አሸነፉ። ደንቡ የተሰረዘው በ2013 ነው።

የካውቦይሱ የዴዝ ብራያንት ኳስም እንዲሁ። ጃንዋሪ 11፣ 2015፣ ግሪን ቤይ፣ አራተኛ ዳውን ከ2 ያርድ። ብራያንት ዘልሎ ያዘ፣ እየወደቀ ወደ ኤንድ ዞኑ ተዘረጋ፣ ኳሱ መሬት መትቶ ከእጁ ዘለለ። ያኔ የሚወድቅ ሰው ኳሱን መሬት እስኪያርፍ አጥብቆ መያዝ ነበረበት፣ ስለዚህ ተሰረዘ። ከ2018 ጀምሮ የሚፈለገው ኳሱን መቆጣጠር፣ ሁለት እግር ሜዳ ውስጥ፣ ከዚያ እንደ ሦስተኛ እርምጃ ወይም ወደ መስመሩ መዘርጋት ያለ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ መለኪያ ብራያንት ይዟል።

ከቀይ ጨርቅ ጋር አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ያልተጠራን ጥፋት ሁሉ እንይ ካልን፣ በዝግታ ሲታይ ንክኪ የሌለበት ውርወራ አይገኝም። የ2019ኙ ደንብ የወደቀው ለዚህ ነው።

ቀይ ጨርቅ፦

ሁሉም ይታይ አላልኩም፣ ወንድሜ። በ2019 የተጫወተው ኤኤኤፍ የተባለ ሊግ ላይኛው ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን እያየ በሬዲዮ የሚያሳስብ አንድ ዳኛ አስቀምጦ ነበር። የሮቢ-ኮልማን ዓይነት ጉልህ ነገር ብቻ። ለፕሌይኦፍ (ለጥሎ ማለፉ) እንኳ ቢሆን ይቻላል።

ሜዳ ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተብራርቶልኛል። አንድ ልጨምር። ጃንዋሪ 26፣ 2025 ቢልስና ቺፍስ ሲጫወቱ የቢልሱ ጆሽ አለን አራተኛ ዳውን ላይ 1 ያርድ ለመግፋት ሞክሮ አልደረሰም ተባለ። አሁን የሆክ-አይ ካሜራ ስለገባ እንዲህ ያለ ክርክር ቀርቷል ማለት ነው?

አምስት ያርድ፦

አልቀረም። ሆክ-አይ በ2025 የተካው ርቀት ይለካበት የነበረውን ሰንሰለት ነው። ኳሱ መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወደ አንደኛ ዳውን መስመር ያለውን ርቀት ይለካል። ኳሱን የት ማስቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው አሁንም ሰው ነው። ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ሁለት ዳኞች እየሮጡ ገብተው ተጫዋቹ ወደፊት የደረሰበትን ጫፍ በእግራቸው ያመለክታሉ። አለን ላይ እንደሆነው 20 ሰው ተከምሮ ኳሱ ከሥር ሲሆን ካሜራም ኳሱን አያየውም፤ ለዚህ ነው ሪፕሌይ «ይጸናል» ያለው። ቢልስ በዚያ ሰዓት 22 ለ 21 ይመሩ ነበር፣ መጨረሻው 32 ለ 29 ለቺፍስ ሆነ። እንዲህ ያለውን ስታይ የኳሱን ጫፍ ለመፈለግ አትድከም፤ ሁለቱን የጠርዝ ዳኞች እግር እይ። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ቆመው ከሆነ፣ ክርክሩ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሰባተኛው ዳኛ፦

አንድ ነገር አሠልጣኞች ስለሚወረውሩት ቀይ ጨርቅም ልጨምር፣ ስትመለከቱ ይጠቅማችኋል። ታችዳውን (ኳሱን ኤንድ ዞን አድርሶ ማስቆጠር) እና ኳስ የመነጠቅ ውሳኔ ሁሉ በራሱ ይታያል፣ አሠልጣኝ ቻሌንጅ አያደርግም። ኖቬምበር 22፣ 2012 ሊየንስና ቴክሳንስ ሲጫወቱ የቴክሳንሱ ጀስቲን ፎርሴት ጉልበቱና ክርኑ መሬት ነክተው ሳለ ፊሽካ ሳይነፋ ተነሥቶ 81 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። የሊየንስ አሠልጣኝ ጂም ሽዋርትዝ በንዴት ቀይ ጨርቅ ወረወረ። የወቅቱ ደንብ በራሱ በሚታይ ነገር ላይ ጨርቅ ከተወረወረ ሪፕሌዩ ይሰረዛል ይል ስለነበር ታችዳውኑ ጸደቀ፣ ሊየንስ በጭማሪ ሰዓት 34 ለ 31 ተሸነፉ። በ2013 ተስተካክሏል፤ አሁን የሚወረውር ታይም አውት ይከስራል፣ ጨዋታው ግን ይታያል።