የዓይን መፍጠጥ መለኪያ፦ ሁለቱ ልኬቶች ለምን ተለያዩ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦
ታላቅ እህቴ ከእንቅርት ሕመሟ ጋር ተያይዞ ዓይኖቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል። እዚሁ ጅማ ስትለካ ቀኙ 21፣ ግራው 22 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጻፈላት፤ በቅርቡ አዲስ አበባ ስትለካ ግን 23 እና 24 ሆነ። እርሷ ራሷ ምንም ለውጥ አልተሰማትም። በሽታው ብሶባት ነው ወይስ ልዩነቱ የመጣው ከመሣሪያው ነው?

መልስ 1፣ የዓይን ጤና ባለሙያ፦
ወረቀቶቹ ላይ ከሁለቱ ዓይኖች ቁጥር ሌላ 90 ወይም 100 አካባቢ የሆነ ሦስተኛ ቁጥር እንዳለ ይመልከቱልኝ። በብዛት የምንጠቀምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የተዋወቀው የሄርተል መለኪያ ሁለት እግሮች አሉት፤ እነርሱም በዓይን ጎድጓዳ ውጫዊ ጠርዝ አጥንት ላይ ያርፋሉ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀትም በዘንጉ ላይ ይነበባል፤ ሦስተኛው ቁጥር ይኸው ርቀት ነው። ለካፊው በጎን ባሉት መስተዋቶች የዓይኑን ጫፍ ከጎን እያየ ከአጥንቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ ያነብባል። እግሮቹ ሰፋ ወይም ጠበብ ብለው ከተቀመጡ የሁለቱም ዓይኖች ንባብ አብሮ ይለወጣል። የእህትዎ ሁለቱም ዓይኖች እኩል 2 ሚሊ ሜትር መጨመራቸው ይህን ያስጠረጥራል።

ጠያቂ፦
አለ! የጅማው 96፣ የአዲስ አበባው 101 ይላል።

መልስ 1፦
እንግዲያው ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሳችሁ መለኪያው 96 ላይ ተደርጎ፣ ከተቻለም በዚያው ባለሙያ እጅ ይለካ። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበት ልኬት ለክትትል እንደማይጠቅም ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ነው።

መልስ 2፣ ሐኪም፦
በዚህ እስማማለሁ። ጤናማውን መጠን በተመለከተ ደግሞ ከ21 በላይ የሆነ ሁሉ ሕመም ነው ተብሎ መደምደም የለበትም፤ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት የጥቁር ወንዶች የላይኛው ወሰን 25፣ የሴቶቹ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ከታየ ግን መመርመር ይገባዋል። ሄርተል በሌለበት ጤና ተቋም አንድ ጫፉ አጥንቱ ላይ የሚያርፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የሉዴ ማስመሪያ አለ፤ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ በየሆስፒታሉ ቢኖር እመኛለሁ። የውጫዊው ጠርዝ አጥንት የተሰበረበት ሰው ደግሞ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ ላይ በሚያርፈው የናውግል መለኪያ ይለካል።

እህትዎ እይታዋ ከደበዘዘ፣ ቀለማት ከፈዘዙባት ወይም ዓይኗን መክደን ካቃታት ልኬቱን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷት።