ለጸሎት አዳራሽ የላይ መስኮት፦ ስንት ካሬ መስታወት? ዝናቡስ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 24 በ15 ሜትር የሆነ የጸሎት አዳራሽ ገና ፕላን ላይ ነው። መካከሉ በ7 ሜትር ስፋት ከፍ ይላል፤ ግራና ቀኙ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር፣ ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ይሸፈናሉ። በከፍታው ልዩነት ላይ በሁለቱም ወገን ክለርስቶሪ የሚሉት የላይ መስኮት ይገባል። ቁመቱ 1.2 ሜትር ነው፤ ዓምዶቹ በየ3 ሜትሩ ናቸው። አዳራሹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተዘረጋ መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ያያሉ። ስንት ካሬ መስታወት ይበቃል? ግድግዳው ላይ ሥዕል ስለሚኖር ፀሐዩን እንዴት እንከላከል? የታችኛው ጣሪያ ከግድግዳው የሚገናኝበት ቦታ እንዳያፈስስ ምን ይደረግ? አሁን በፕላኑ ላይ የመስኮቱ ደፍ ከታችኛው ቆርቆሮ 5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው ከፍ ያለው።

ጨረር፦
የላይ መስኮት ከሥሩ ያለውን ወለል እምብዛም አያበራም። የደቡቡ መስኮት የሚያበራው ማዶ ያለውን የሰሜን ግድግዳና ኮርኒሱን ነው፤ ሕዝቡ ጋ የሚደርሰው ከዚያ የተመለሰው ብርሃን ነው። ስለዚህ የኮርኒሱ ቀለም ከመስታወቱ ስፋት እኩል ይወስናል። ነጭ ቀለም ያረፈበትን ብርሃን 80 በመቶ ገደማ ይመልሳል፤ ጥቁር ቡናማ እንጨት ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። እንዲህ ያለ ኮርኒስ ሠርቶ «መስኮቱ አነሰ» ማለት የተለመደ ነው።

ለስፋቱ መነሻ የወለሉን 10 በመቶ እይዛለሁ። ወለሉ 360 ካሬ ስለሆነ 36 ካሬ ማለት ነው። በየጎኑ በዓምዶቹ መካከል 8 ክፍተት አለዎት፤ 1.9 በ1.2 የሆኑ 16 መስኮቶች 36.5 ካሬ ይሰጣሉ። ከዚያ ላይ ፍሬሙ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀለም ያለው መስታወት ካሰቡ ሒሳቡ ከሥሩ ይቀየራል።

ግድግዳው ወፍራም ከሆነ የውስጡን ደፍ ጠፍጣፋ አይተዉት፤ 45 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘቅዝቀው ነጭ ይቀቡት። ብርሃኑ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በደማቁ መስታወትና በአጠገቡ ባለው ጨለማ ግድግዳ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን መውጋቱም ይቀንሳል። ዘዴው እንግዳ አይደለም፤ በጥንታዊቷ ግብፅ፣ ካርናክ ቤተ መቅደስ ባለው ታላቅ የዓምድ አዳራሽ መካከለኛዎቹ 12 ዓምዶች 21 ሜትር ገደማ ሆነው ከቀሩት 122 ይበልጣሉ፤ ብርሃን የገባው በልዩነቱ ላይ በተተከለ የድንጋይ ፍርግርግ ነው።

ወደ ፀሐዩ ስንመጣ፣ ጣሪያው ከግድግዳው 60 ሳ.ሜ. ቢወጣና ፀሐይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ከፍ ብትል ጥላው 1.04 ሜትር ይወርዳል። የመስታወቱ አናት ከጣሪያው ጠርዝ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ካለ 89 ሳ.ሜ. መስታወት ይጠለላል፤ የታችኛው 31 ሳ.ሜ. ፀሐይ ያገኘዋል። ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው 60 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ስለምትመጣ ሰሜኑንም ማስላት ያስፈልጋል። ለሥዕሉ ላሚኔትድ መስታወት ይግባ፤ መካከሉ ያለው ፕላስቲክ ቀለም የሚያደበዝዘውን አልትራቫዮሌት ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። የሚታየው ብርሃንም ግን ሥዕል ይጎዳል፤ ስለዚህ ቀጥታ ጨረር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሥዕል አይሰቀል።

አሸንዳ፦
5 ሳ.ሜ. አይሆንም! ከቆርቆሮው ላይ ፈንጥቆ የሚመለሰው ዝናብ ብቻውን ደፉን ያልፈዋል። ቢያንስ 15 ያድርጉት፤ ንፋስ ዝናቡን የሚገፋበት ቦታ ከሆነ ደግሞ 25።

ፍላሺንጉን፣ ማለትም ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን የሚሸፍነውን ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጫፉን በሲሊኮን መድፈን ዋናው ጥፋት ነው። ሲሊኮኑ አቧራ ላይ ስለሚያርፍ ይላቀቃል፤ ከዚያ ውሃው ከጀርባ ይገባና ነጠብጣቡ ከቀዳዳው ርቆ ሌላ ቦታ ይታያል። ግድግዳው ላይ 2.5 ሳ.ሜ. የሚጠልቅ ቦይ ይቆረጥ፤ የላይኛው የፍላሺንግ ቆርቆሮ እዚያ ውስጥ ታጥፎ ይግባና ከታችኛው ፍላሺንግ በላይ ይደረብ። ሲሊኮን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ነው። 6 ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 6 ሚ.ሜ. ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ በ2 ሜትር ቁራጭ ይሠራ፣ 15 ሳ.ሜ. ይደራረብ፣ ሁለቱም ጫፍ በሪቬት አይጠፈር።

የውጭው ደፍ ቆርቆሮ ሁለቱ ጫፎች 2 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ይታጠፉ። ይህች ትንሽ እጥፋት ስትረሳ ውሃው በጎን ሾልኮ ልስኑ ውስጥ ይገባል። ልስን ከመለሰኑ በፊት በጎማ ውሃ ይሞከር፤ ከታች ተጀምሮ በየደረጃው 10 ደቂቃ እየቆየ ወደ ላይ ይወጣ። ከላይ ከጀመሩ የትኛው መጋጠሚያ እንዳፈሰሰ አይለይም።

ቢም፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ትረሱ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ማዕቀፍ፣ መስታወት አናት ላይ ሳይሆን በመስኮቶቹ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ይረፍ፤ ከላይ ግድግዳውን የሚያስረው ታይ ቢምም ሳይቋረጥ ይዙር። በቢሙና በፍሬሙ መካከል 10 ሚ.ሜ. ክፍተት ተትቶ በስፖንጅ ይሞላ፤ በሞርታር ከተሞላ ቢሙ ትንሽ ሲጎብጥ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ከመስኮቶቹ ግማሹ ይከፈት። ሞቃት አየር በዚያ ይወጣል፤ ነገር ግን ከታች አየር የሚገባበት ከሌለ ብዙም አይሠራም። መክፈቻውና ማጽጃ መረማመጃው አሁን ፕላኑ ላይ ይግቡ።

ጠያቂ፦
ደፉን ወደ 25 ካነሣነው መስኮቱ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል፤ የጣሪያውን ከፍታ መቀየር አንችልም። ብርሃኑ አያንስም?

ጨረር፦
ወደ ጎን ያስፉት። 2.3 በ1.0 የሆኑ 16 መስኮቶች 36.8 ካሬ ናቸው፤ በመካከላቸው ለትረሱ 70 ሳ.ሜ. ግድግዳ ይቀራል። ፀሐይ የሚያገኘውም ከ31 ሳ.ሜ. ወደ 11 ይወርዳል።