የጋራ ፕሮፖዛል፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ ከአምስት ከበሮ ወደ ሙሉ ትዝታ

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በፒያሳው ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት «በዓለም የመጀመሪያው» ያልነውን ሥራ አካሄድ እንደሚከተለው አርቅቄዋለሁ። አምስት ከበሮዎች በደቂቃ 120፣ 135፣ 150፣ 180 እና 200 ምት ይመታሉ፤ ኮምፒውተሩ የተቀዳውን ምት ሰባት ጊዜ ደጋግሞ በእጥፍ ሲያፈጥነው ጆሮ መቁጠሩን ይተውና ዜማ መስማት ይጀምራል። 120ው በሰከንድ 256 ንዝረት ሆኖ ዶን፣ 180ው 384 ሆኖ ሶልን ሲሰጥ፣ አምስቱ በቅደም ተከተላቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ሆነው ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት፣ ሙሉ ትዝታን፣ ያሰማሉ። ሁሉም በአንድነት የሚገጥሙት በየ12 ሰከንዱ ነው። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

የክራር ተጫዋች፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ 200 የሚለው ቁጥር ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ክራሬን ስቃኝ ላን የማገኘው ከሬ ተነሥቼ ነው፤ ሁለቱ እንደ ዶና ሶል ሁለት ለሦስት ካልገጠሙ ጆሮዬን ይጎረብጠኛል። የ135 አንድ ተኩል እጥፍ ደግሞ 202.5 ነው። ይህን ብንቀበል ዙሩ ራሱ ወደ 8 ሰከንድ ያጥራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከበሮዎቹ 16፣ 18፣ 20፣ 24 እና 27 ምት መትተው እኩል ይገናኛሉ። ለአድማጭም ከ12 ሰከንድ ይልቅ 8 ሰከንድ መጠበቅ ይቀላል።

የከበሮ መቺ፦ በክራሩ ወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ የእኔ ሥጋት እጅ ላይ ነው። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንለማመድ 120 እና 180 ያለ ችግር ሄደዋል፣ የጭክጭካ ስልት ስድስት ምቱን አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት መክፈል አስለምዶናልና። 135ቱን የያዘው ልጅ ግን ጥቂት እንደመታ ሳያውቀው ወደ 120ው ተጎተተ፤ ስምንት ለዘጠኝ እጅግ የተቀራረበ ስለሆነ እጅ በቀላሉ ይሳባል። ስለዚህ ሁለቱ በመድረኩ ዳርና ዳር ይቀመጡ፣ እያንዳንዱም መቺ በአንድ ጆሮው የራሱን ምት በኢርፎን ይስማ። የስልክ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) ግማሽ ምት ላይቀበል ስለሚችል 202.5ን አስቀድመን ብንቀዳው ይሻላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ (መጥፋቱ አይቀርም) በስልክ ባትሪ እንዘልቃለን።

የጥናት ክፍል፦ «በዓለም የመጀመሪያው» የሚለው ሐረግ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪ ካወል የቅኝትንና የምትን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1930 በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ሩሲያዊው የመሣሪያ ፈልሳፊ ሊዮን ቴርሚንም ሪትሚኮን የተባለውን መሣሪያ ለዚሁ ሐሳብ ሠርቶለታል። የእኛ ድርሻ ከበሮውና ትዝታው ነው፤ ይህንኑ እንጻፍ።

ሰብሳቢ፦ ሦስቱንም ተቀብያለሁ። ላ 202.5፣ ዙሩ 8 ሰከንድ፣ ጠቅላላው 12 ዙር ማለትም 96 ሰከንድ ይሁን። በበጀቱ ላይ አምስት ኢርፎን ጨምሬያለሁ።