የስቴቱ ፍርድ ቤት ምንም ባላለበት ጉዳይ ፌደራል ዳኛ ምን ያደርጋል?
ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የተማርኩት ኢትዮጵያ ነው፤ አሁን አሜሪካ ውስጥ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀሁ አንድ ቦታ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

የሕጎቹ ደረጃ አላስቸገረኝም። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ነው፤ ከዚያ የኮንግረስ ሕጎች፣ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ደንቦች፣ የስቴት ሕጎች እያለ ይወርዳል። የዳኛ ውሳኔ ሕግ መሆኑም ብዙ አልገረመኝም። እኛም አገር ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

የከበደኝ እ.ኤ.አ. በ1938 በኢሪ የባቡር ኩባንያና በቶምፕኪንስ መካከል የተሰጠው ውሳኔ ነው። ቶምፕኪንስ የተጎዳው ፔንስልቬንያ ውስጥ በሐዲድ ዳር ሲሄድ ነው፤ የከሰሰው ግን ኒውዮርክ፣ ፌደራል ፍርድ ቤት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጠቃላይ የሚባል የፌደራል ኮመን ሎው (በዳኞች ውሳኔ የሚገነባ ሕግ) የለም አለ። ስለዚህ ተከራካሪዎቹ የተለያየ ስቴት ሰዎች በመሆናቸው ብቻ ፌደራል ፍርድ ቤት በገባ ጉዳይ፣ ዳኛው የስቴቱን ሕግ ከነዳኞቹ ውሳኔ ይከተላል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ፍትሐዊም ይመስለኛል።

የስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት በነጥቡ ላይ ምንም ካላለስ? አንዳንዴ ፌደራል ዳኛው እነሱ ምን ይሉ እንደነበር ገምቶ ይፈርዳል፤ አንዳንዴ ጥያቄውን ራሱን ይልክላቸዋል። መቼ የትኛው እንደሚመረጥ ነው የጠፋኝ። ግምቱስ በኋላ ስህተት ሆኖ ቢገኝ፣ የተፈረደበት ሰው ምን ይሆናል? እዚህ አሜሪካ ጥብቅና ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ በምሳሌ አስረዱኝ።