ጥይቴ ሁሌ ወደ ታች ግራ ይሄዳል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ዛሬ እረፍቴ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ልምምድ ላይ ዋልኩ። ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው። በ10 ሜትር ሃምሳ ያህል ጥይት በሽጉጥ ተኩሼ አብዛኛው ከመሃል ወደ ታች ግራ ሄደብኝ። ማነጣጠሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦ ማነጣጠሪያውን ተወው ባክህ። ድምፁን እየጠበቅክ ምላጩን ትመነጭቀዋለህ፣ አፈሙዙም አብሮ ዝቅ ይላል።

መልስ 2፦ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ጓደኛህ ሳታይ አንድ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ከሌሎቹ ጋር ይደባልቅልህ፤ እሱ ላይ ስትደርስ ምንም ሳይፈነዳ እጅህ ቁልቁል ሲወርድ በዓይንህ ታየዋለህ (እኔ በጣም ነው ያፈርኩት)። ዓይንህ ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ይሁን፣ ዒላማው ቢደበዝዝም ግድ የለም።

ጠያቂ፦ የሚገርመው ጠዋት ደህና ነበርኩ፣ እየቆየ ነው የባሰብኝ።

መልስ 1፦ ደክሞህ ነዋ! አምስት አምስት እየተኮስክ እረፍ።