ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዴት ያጣዋል?

የጣና ዳር እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ሞተር ጀልባ ይነዳል። እንግዳ ጭኖ ዘጌ ያደርሳል፣ ይመልሳል። ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ሲመለስ ንፋስ ተነሳ። ከዳር ርቀው ሳለ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ውሃ ይገባባት ጀመር።

መልህቅ ነበረው። መቅዘፊያም ነበረው። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር ተደርድሯል። እሱ ግን ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ብቻ ይስባል። አይነሳም፣ ደግሞ ይስባል። መዳፉ እስኪላጥ ድረስ። "ላይፍ ጃኬት ልበሱ" ያለችው አንዲት ተሳፋሪ ናት። በኋላ ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ አወጣቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

አባታችን በደንገል ታንኳ ላይ ያረጀ ሰው ነው። "ሰው ጭነህ ከብረት ጋር ትታገላለህ?" እያለ እስከ ዛሬ ይቆጣዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ግዴለሽ አይደለም። ጠዋት ዕቃውን ሳያይ ከወደብ አይነሳም። ታዲያ ያን ሰዓት ምን ነካው? የሚወቅሰው ሞልቷል። እኔ የምፈልገው እንዲገባኝ ነው።

የአውሮፕላን ቴክኒሻን፦
እንኳን ሁሉም ተረፉ። እኛ ሙያ ውስጥ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። እዚሁ ባሕር ዳር መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 ሲነሳ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ አየር ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ፣ ሞተሮቹ ግን ከዱአቸው። ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ይህ አደጋ በተነሳ ቁጥር "እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ" የሚል አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ላይ ዝይዎች የሁለቱንም ሞተሮች ኃይል ያሳጡትን አውሮፕላን ደግሞ ውሰጂ። አብራሪው ወንዝ ላይ አሳረፈው፣ 155ቱም ተረፉ። መርማሪዎች ግን "አየር ማረፊያ መመለስ ይችል ነበር ወይ?" ብለው በማስመሰያ መሣሪያ ሞከሩት። ወፎቹ እንደገቡ ወዲያው የዞሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ደረሱ። ነገሩን ለመረዳትና ለመወሰን 35 ሰከንድ ሲጨመር ግን አልተቻለም። ወዲያው የዞሩት ምን እንደሚገጥማቸው አስቀድመው ያውቁ ነበር። እውነተኛው አብራሪ አያውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? አባትሽ የሚያዩት ያለቀውን ነገር ነው። ልጁ የነበረው መሃሉ ላይ ነው። "ለምን እንዲህ አላደረግህም?" አትበይው። "ያኔ ምን ይታይህ ነበር?" በይው። መልሱ ሌላ ይሆናል።

የጣና ዳር እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት። ለካ ያ ሞተር ጠዋትም ጠፍቶበት ነበር። ትንሽ ሲስበው ተነሳ። ስለዚህ ገመዱን በሳበ ቁጥር "አሁን ይነሳል" ነው የሚለው። የሰዎቹ ጩኸት አልተሰማውም። "የምሰማው የሞተሩን ሳል ብቻ ነው" አለኝ። ሌላም ነገር አለ። ጀልባዋ የሰው ናት። ጎታች ከተጠራ የጉተታው ሒሳብ ከእሱ ይቆረጣል። ይህን ለአባቴ ነግሮት አያውቅም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
"አልተሰማኝም" ያለው እውነቱን ነው። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ትኩረቱ ይጠባል። ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ይተከላል፣ ጆሮው የቀረውን ይጥላል። እኛ ጋ በሽተኛ ሲደክም አንዱ እጁን ሰብስቦ ቆሞ ሁሉን እንዲያይ የሚደረገው ለዚህ ነው። መርፌ የያዘ ሰው መርፌውን ብቻ ነው የሚያየው። ወንድምሽ ብቻውን ነበር።

የጉተታው ሒሳብ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ያሉ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። የአንዳንዶቹ ርዕስ ደጉ ሳምራዊ ነው! መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ ያስላል። "ገና ጊዜ አላችሁ" ከተባሉት 63 በመቶው ረዱት። "ረፍዶባችኋል" ከተባሉት 10 በመቶው ብቻ። የንግግሩ ርዕስ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ልዩነቱን ያመጣው ከኋላቸው የነበረው ግፊት ነው። ስለዚህ የልጁን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ያሠራውንም ሰው ጠይቁ።

ተሳፋሪ፦
እኔ ልጆቼን ይዤ በእነዚህ ጀልባዎች እሄዳለሁ። ገባኝ ማለት ተውት ማለት እንዳይሆን። ለእኔ እኮ ዋናው ሞተሩ ሳይሆን የተሳፋሪው ነፍስ ነው።

ባለ ጀልባ፣ ባሕር ዳር፦
ተሳፋሪዋ ልክ ናት፣ ነርሷም ልክ ናት። ድንብርብሩ ለወጣ ሰው ምክር አይገባውም። ሐሳቡ የብስ ላይ ማለቅ አለበት። እኔ ጋ ላይፍ ጃኬት ወደብ ላይ ሳይለበስ ገመድ አይፈታም። ሙቀት ነው ብሎ የሚያኮርፍ እንግዳ አለ፣ ያኩርፍ። ሞተር ከጠፋ መጀመሪያ መልህቅ ነው፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ገመዱ በቂ ከሆነ መልህቁ መሬት ይይዛል። ከፊት በኩል ከታሰረ ደግሞ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ታዞራለች፣ ጎኗን አትሰጥም። ረዳት ካለ መልህቁ የእሱ ሥራ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ንፋስ እንደሚነሳ እየታወቀ መመለሻውን ማዘግየትም ይቅር።

እህቴ፣ አባትሽን ይዘሽ የጀልባዋ ባለቤት ጋ ሂጂ። ሽማግሌ ሲናገር ይሰማል። ጠዋት የጠፋ ሞተር ሳይታይ ሰው አይጫንበትም በሉት። የጉተታውንም ወጪ እሱ ይቻል። ካልሆነ ልጁ ጎታች ለመጥራት በሚቀጥለውም ይዘገያል።