ከሸልተር ያመጣናት ትንሽ ውሻ የራሷን ምግብ ትታ የእማዬን ሽሮ ለመደች

የዳማ አሳዳሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ምክር ስጡኝ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሸልተር (ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ከሚጠለሉበት) አንዲት ትንሽ ውሻ ወሰድን። ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። ቺዋዋ አለባት፤ ሌላው ደሟ ከምን እንደሆነ አይታወቅም። 4 ኪሎ ነች። ጥርሷን አይተው ወደ 6 ዓመት ይሆናታል አሉን። የተገኘችው መንገድ ላይ ነው። መልኳ ዳማ ስለሆነ ስሟንም ዳማ አልናት። ባለቤቴ "የጦር ፈረስ ስም ለዚች?" ብሎ እስካሁን ይስቃል።

ነገሩ የተበላሸው የመጀመሪያው ቀን ነው። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነች። ያን ቀን ጎረቤት መጥታ እማዬ ቡና ታፈላለች። ስትቆላ የጭስ ማንቂያው ለቀቀው። እኛ ለምደነዋል፣ በፎጣ አራግበን ዝም እናሰኘዋለን። ዳማ ግን የለችም። ቤቱን ሁሉ አስሰን አስሰን በመጨረሻ ልብስ ማድረቂያው ጀርባ፣ ማሽኑና ግድግዳው መሀል ተሸጉጣ አገኘናት። ጆሮዋ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ወዲህ ቤቷ እዚያ ሆነ።

ስትበላ የነበረውን ደረቅ ምግብ አንድ ከረጢት ሰጥተውናል። እማዬ "የፈረንጅ ቆሎ" ነው የምትለው። ቀን ቀን አትነካውም። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ኮሪደሩ ላይ ቀርጨም ቀርጨም ይለኛል። ስነሳ ጸጥ። ስተኛ እንደገና ቀርጨም።

በሦስተኛው ቀን የእማዬ አንጀት አልቻለም። "ምስኪን፣ ይሄን ጠጠር እንዴት ትቆረጥመው!" አለች። ፍልሰታ ስለሆነ ቤት ያለው ሽሮና ምስር ነው። እንጀራውን በሽሮ እያራሰች በእጇ ታጎርሳት ጀመር። ዳማም ጣቷን ሳይቀር ልሳ ነው የምትመለሰው። አሁን ቆሎውን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ተቅማጥ ይዟታል። ስለ ምንጣፉ አትጠይቁኝ።

እማዬን መናገር ይከብዳል። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ራሱ ገና አልዋጠችውም። ጸሎት የምታደርስበት ክፍል እንዳትገባባት በሩን በወንበር ትዘጋለች። እያጎረሰቻት "ሂጂ ወዲያ" ትላታለች።

ሽሮው ይጎዳታል? ወደ ቆሎዋ እንዴት ልመልሳት? ከማሽኑ ጀርባስ ጎትቼ ላውጣት ወይስ ልተዋት? ትናንት ልጄ እጁን ሲዘረጋባት ጥርሷን አሳየችው።

የክሊኒኳ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ሽሮውን ዛሬውኑ አቁሙ። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ለእናትሽ ንገሪያቸው።

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ሀበሻ ቤት ያለ ውሻ ታሞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽንኩርት በልቶ እንደሆነ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢበስልም ያው ነው። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለዳማ 60 ግራም ማለት የአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ግማሽ አካባቢ ነው። እኛ ለአንድ ድስት ወጥ ስንት ራስ ነው የምንከትፈው? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መብላቷም ይጠራቀማል። "እማዬ ሽንኩርት አላበዛችም" እንዳትዪኝ፤ ሚጥን ሽሮ ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ዱቄቱ ውስጥ አብሮ ተፈጭቷል።

ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰጃትና ምን እንደበላች ሳታፍሪ ተናገሪ። የሽንኩርት ነገር ወዲያው አይታይም፣ ቀናት ሊቆይ ይችላል። አሁን ከንፈሯን ገልጠሽ ድዷን እይው። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ፣ ወይም ሽንቷ የሻይ ቀለም ከያዘ፣ ወይም ከዛለች ነገን አትጠብቂ፤ ለድንገተኛ የሚሠራ ክሊኒክ ይዘሻት ሂጂ። ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ የሚባለው የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት የመመረዝ ስልክ መስመርም 24 ሰዓት ይሠራል፤ ክፍያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

ሐኪሙ ሌላ ካላለሽ፣ ተቅማጡ እስኪቆም የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከነጭ ሩዝ ጋር ስጫት። ሩዙ የዶሮውን እጥፍ ይሁን። ቆዳ የለም፣ አጥንት የለም፣ ጨው የለም፣ ቅቤ የለም። በቀን ሦስት አራቴ ጥቂት ጥቂት። ሰገራዋ ሲጠና ቆሎውን ሩብ ያህል ቀላቅዪበት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ፣ እያልሽ በሳምንት ሙሉ በሙሉ መልሻት። በሞቀ ውሃ አርሰሽ ብትሰጫት ሽታው ይወጣና አፏን ይከፍትላታል።

መጠኑን እናትሽ እንዲገባቸው እንዲህ በያቸው። ዳማ በቀን የሚበቃት ከ250 እስከ 300 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንቺ 60 ኪሎ ብትሆኚ፣ ለእሷ አንድ ጉርሻ ለአንቺ እንደ 15 ጉርሻ ነው።

ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ስኳር አልባ ማስቲካ፣ የቡና አተላም ከእሷ ይራቅ። የሊጡን ባልዲ ደግሞ መሬት ላይ እንዳትተዪ። ሆዷ ውስጥ መቦካቱን ይቀጥላል፣ ያሰክራታልም። ቀልዴን አይደለም፣ ሰክሮ የመጣ ውሻ አይቻለሁ።

ገርጂ ነኝ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ አድርጉልኝና የኛ ቡቺ 13 ዓመት የኖረው በእንጀራ ፍርፋሪና ከሉካንዳ በሚመጣ አጥንት ነው። ሐኪም ፊት የቆመው ለእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ነው። አሜሪካ ስትሄዱ ውሻውም አብሮ ይሞላቀቃል እንዴ?

የክሊኒኳ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ ቡቺ ስንት ኪሎ ነበር? ከቡቺ በፊት የነበሩትስ ስንት ዓመት ኖሩ?

ገርጂ ነኝ (አዲስ አበባ)

ቡቺ 25 ኪሎ ይሆናል። ከእሱ በፊት ሁለት ነበሩን። አንዱ ሰፈር ውስጥ በተጣለ መርዝ ሄደ። ሌላኛው ከሳ ከሳና አንድ ቀን ጠዋት ሞቶ አገኘነው። ምን እንደነካው የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

እሺ፣ ተረታሁ። ግን እናትየውን ከማጉረስ አታስቁሟቸው። የሚያጎርሱትን ቀይሩላቸው።

የሲያትሉ ሹፌር

ገርጂ ያለውን ያዢው፣ ዋናው እሱ ነው።

መደበቋን በተመለከተ ከራሴ ልንገርሽ። የኔዋ ቴሪየር አልጋ ሥር 17 ቀን ነው የከረመችው። መጀመሪያ እጅና እግሬን ዘርግቼ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ ሥጋ እያሳየሁ ለመንኳት። ባሰባት። ጓደኛዬ "አንተ ብትሆን፣ ካንተ 15 እጥፍ የሚበልጥ ሰው ጉድጓድህ አፍ ላይ ተኝቶ ቢያፈጥብህ ትወጣለህ?" አለኝ። ከዚያ ከሥራ ስገባ ጀርባዬን ሰጥቻት ወለሉ ላይ እቀመጥና ስልኬን አያለሁ። ሳልዞር አልፎ አልፎ ቁራጭ ዶሮ ወደ ኋላ እወረውራለሁ። አንድ ማታ ክርኔን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። አፍንጫዋ ነበር። አልዞርኩም። ትንፋሼንም የያዝኩ ይመስለኛል።

እዚህ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ። ሦስት ቀን ድንጋጤ፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት መልመድ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው ማለት። የኔዋ ይሄን አላነበበችም፤ አምስት ወር ፈጀባት።

ጎትተሽ አታውጫት። ማድረቂያው ጀርባ ግን ሽቦና ሙቀት ስላለ መኖሪያ አይሆንም። የተሻለ ጉድጓድ ሥሪላት። ካርቶን በአንድ ጎኑ ክፈቺ፣ የለበስሽውን ያልታጠበ ቲሸርት አንጥፊበት፣ ሰው የማያልፍበት ጥግ አድርጊው። ምግቧን በየቀኑ ወደዚያ ትንሽ ትንሽ አስጠጊ። ስትወጣ ጠብቀሽ የማሽኑን ክፍተት ድፈኚ። እስከዚያ ማሽኑን ከማስነሳትሽ በፊት ጀርባውን እይ።

ጥርስ ማሳየቷን አትቆጫት። "ተወኝ" ማለቷ ነው። ለልጅሽ ንገሪው፦ እሷ ወደ እሱ እስክትመጣ እሱ ወደ እሷ አይሄድም።

ለመውጫ ደግሞ አንገቷ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን ደረቷን የሚይዘውን ማሰሪያ ግዢ። የትንንሾቹ የአየር ቧንቧ ስስ ነው፤ በዚያ ላይ የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት ጭንቅላቱ ሹልክ ይላል። የቺፗ (ቆዳዋ ሥር ያለው መለያ) ምዝገባም በአንቺ ስልክ መቀየሩን አረጋግጪ። በነሐሴ ነጎድጓድ በር ከተከፈተ ሳታዪያት ነው የምታመልጥሽ።

የዳማ አሳዳሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አራት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ሰኞ ወሰድናት። ደሟ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ግን የሚያሰጋ አይደለም አሉ። በሳምንቱ ተመልሳ ትታያለች። ሐኪሙ ምን በላች ሲለኝ ሽሮን ማስረዳት አቃተኝ። "የሽምብራ ሾርባ" አልኩት፣ እማዬ ብትሰማ ትቀየመኝ ነበር።

ለእማዬ ድዷን ገልጬ አሳየኋትና ሽንኩርት ደሟን እንደሚጨርሰው ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ዶሮ አምጡ አለች። በፆም፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ ዶሮ ትቀቅላለች። "እማዬ፣ እኔ ልሥራው" ስላት "ቀቀልኩ እንጂ መች ቀመስኩ?" የሚያስጨንቃት ጨው አለመኖሩ ነው። "እንዴት ይጣፍጣታል?" ትላለች በየቀኑ።

ተቅማጡ ትናንት ቆመ። ዛሬ ቆሎውን ሩብ ቀላቀልን። በሞቀ ውሃ ሲርስ እማዬ ጭቆ መሰላት። እያድቦለቦለች ታጎርሳለች፣ ዳማም ትውጣለች። እኔ ሳስቀምጥላት ግን አሁንም ሌሊቱን ነው የምትጠብቀው።

ካርቶኑን ሠራሁ። ቲሸርቴን አነጠፍኩበት። ዳማ ቲሸርቴን በጥርሷ ጎትታ አወጣችና የእማዬን አሮጌ ነጠላ ከቅርጫቱ ወስዳ ገባች። ገባኝ፣ መልእክቱ ደርሶኛል።

ትናንት ማታ እማዬ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነበር። በሩ ላይ ወንበሩ የለም፤ መቼ እንዳነሳችው አላየሁም። ዳማ በኮሪደሩ ግድግዳውን ተጠግታ መጣችና ደጃፉ ላይ ተኛች፣ አገጯን የበሩ ደፍ ላይ አድርጋ። እማዬ በመነጽሯ በላይ አየቻትና ቀጠለች። ጨርሳ ስትወጣ እኔ እያየሁ መሆኔን ስታውቅ ትንሽ አፈረች።

"አልገባችም እኮ" አለችኝ። "አፍንጫዋ ብቻ ነው።"